ሱዶኩ፦ ከሁለት አንዱን ለምትገምቱ ሁሉ

ክረምት ሲገባ መልእክት ይበዛልኛል። የባሕር ዳር ዝናብ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፤ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ እርሳስ ያነሳል። ከመጡልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን አሳጥሬ እነሆ። ሱዶኩ በ81 ትንንሽ ቤቶች ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች የምንሞላበት ጨዋታ ነው፤ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ ወይም በአንድ ሳጥን አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይገባም። እንድንግባባ ያህል፣ አግድም ያለውን ረድፍ፣ ቁልቁል ያለውን ዓምድ፣ ዘጠኝ ቤት የያዘውን ሳጥን እላለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉትን፣ በእርሳስ በትንንሹ የምንጽፋቸውን ቁጥሮች ደግሞ እጩ።

ከፔዳ አንድ ተማሪ፦ ቀላሉንና መካከለኛውን ቶሎ እጨርሳለሁ። «ከባድ» የተባለው ላይ ግን ግማሽ ደርሼ ቀጥ እላለሁ። ከዚያ ከሁለት አንዱን እገምታለሁ። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ሁሉም ይበላሻል። መገመት የጨዋታው አካል አይደለም እንዴ?

አይደለም ወንድሜ። ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ስለሚመጣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

በትክክል የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ገምተህ ስታገኝ ቁጥሩን አገኘህ እንጂ መንገዱን አላገኘኸውም። በማግስቱ ሌላ ወረቀት ላይ እዚያው ቦታ ትቆማለህ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ጎበዝ ልጅ በር እያለ በመስኮት ሲገባ ማየት።

የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። 5ኛው ረድፍ ላይ ሁለት ቤቶች 4 እና 9 ብቻ ይዘዋል። እዚያው ረድፍ ሌላ ሦስት ቤት ውስጥ ግን 4 አሁንም ተጽፏል። ሁለት እንግዶች ሁለቱን አልጋ ከያዙ ሦስተኛው የት ይተኛል? 4 እና 9 እነዚያን ሁለት ቤቶች ተካፍለዋቸዋል። የቱ የትኛው ጋ እንደሆነ ባታውቅም ከሌሎቹ ላይ ሰርዛቸው። ቀጥ ያልከው ከባድ ዘዴ ስላጣህ ሳይሆን ያላጸዳኸው እጩ ስለጋረደህ ነው።

ሲጸዳ ደግሞ ይህ ይታያል። 7ን ብቻ ተከተል። 2ኛው ረድፍ ላይ 7 የሚገባው 3ኛው ወይም 8ኛው ቤት ብቻ ነው። 6ኛው ረድፍ ላይም እንደዚሁ፣ 3ኛው ወይም 8ኛው። ላይኛው 3ኛውን ከያዘ ታችኛው 8ኛውን ይይዛል። ላይኛው 8ኛውን ከያዘ ታችኛው 3ኛውን። በየትኛውም ቢሄድ የ3ኛውና የ8ኛው ዓምድ 7 ከእነዚህ አራት ማዕዘኖች አይወጣም። ስለዚህ በሁለቱ ዓምዶች ሌሎች ቤቶች ውስጥ ያለውን 7 በሙሉ ሰርዝ። 4ኛው ረድፍ 8ኛ ቤትህ ውስጥ 2 እና 7 ነበሩ፤ 7 ሲወጣ 2 ብቻውን ቀረ። ኤክስ-ዊንግ የሚሉት ይሄን ነው። አራቱን ማዕዘን በሰያፍ ብታገናኛቸው ኤክስ ይሆናሉ።

እኔ የገባኝን ቀን አልረሳውም። ጣና ዳር ተቀምጬ ነበር። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስድብኝ አንዱን ጫፍ በማኪያቶ ብርጭቆ ይዤዋለሁ። አራቱን ማዕዘን ከበብኩ፣ ዓምዱን ቁልቁል ተከተልኩ፣ አምስት እጩ በላጲስ አጠፋሁ። አንድም ቁጥር ገና አልጻፍኩም፤ ወረቀቱ ግን ተከፍቶልኛል። ቀና ስል ማኪያቶው ቀዝቅዟል።

አንድ ነገር ግን ለይ። «ይህ ቤት 5 ቢሆንስ? 8 ቢሆንስ?» ብሎ ሁለቱንም መንገድ መከተል ግምት አይደለም። ቤቱ ሁለት እጩ ብቻ ካለውና ሁለቱም መንገዶች ሌላ ቦታ ላይ ያንኑ 3 ካስቀመጡ፣ 3 እርግጥ ነው። ግምት የሚሆነው አንዱን ብቻ ይዘህ ስትሮጥ ነው።

ከዘጌ፦ ስዎርድፊሽ የሚሉት ዘዴ አለ። አሳው ጣና ውስጥ ይገኛል?

አይገኝም፣ የባሕር አሳ ነው። እናንተ ጋ ቆሮሶና አምባዛ አለላችሁ። ዘዴው ግን ኤክስ-ዊንግ በሦስት ረድፍ ማለት ነው። የአንድ ቁጥር እጩዎች በሦስት ረድፎች ላይ ከተመሳሳይ ሦስት ዓምዶች ካልወጡ፣ ከዓምዶቹ ሌሎች ቤቶች ላይ ያ ቁጥር ይሰረዛል። በየረድፉ ሁለት ሁለት እጩ ቢሆንም ይሠራል። ብዙ ሰው ሦስት ሦስት ሲፈልግ ዓይኑ ሥር ያለውን ያልፈዋል።

ከሽምብጥ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ በእስክርቢቶ ወይስ በእርሳስ?

በእርሳስ ጋሼ።

ሁለት ጓደኛሞች ተወራርደዋል፦ ሱዶኩ የጃፓን ነው፣ አይደለም?

ስሙ የጃፓን ነው። ጨዋታው አሁን ባለው መልኩ መጀመሪያ የታተመው ግን በፈረንጆቹ 1979 አሜሪካ ውስጥ፣ ዴል በሚባል አሳታሚ መጽሔት ላይ ነው። ሠሪው ሃዋርድ ጋርንስ የሚባሉ አርክቴክት እንደነበሩ ይታመናል። በ1984 ኒኮሊ የተባለው አሳታሚ ጃፓን አስገባው። በ2004 የለንደኑ ታይምስ ማተም ሲጀምር ዓለም ተከተለ። ውርርዱን ለሁለት ተካፈሉት።

ከድባንቄ፦ የተሰጠው ቁጥር ባነሰ መጠን ይከብዳል አይደል?

የግድ አይደለም። በ16 ቁጥር ብቻ ተነስቶ አንድ መልስ ያለው ሱዶኩ እንደሌለ የሒሳብ ተመራማሪው ጋሪ ማክጋየርና ባልደረቦቹ ደብሊን ውስጥ በኮምፒውተር ፈትሸው በፈረንጆቹ 2012 ይፋ አድርገዋል። ስለዚህ ትንሹ 17 ነው። ግን 17 ተሰጥቶ ቡና ሳይፈላ የሚያልቅ አለ፤ 25 ተሰጥቶ ሦስት ቀን የሚያስቀምጥም አለ። የሚያከብደው የሚጠይቀው ዘዴ ነው።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ፦ አራት ቤቶች አራት ማዕዘን ሠርተው ሦስቱ 1 እና 6 ብቻ ከያዙ፣ አራተኛው 1ም 6ም ሊሆን አይችልም የሚል ዘዴ አየሁ። ባለቤቴ ማጭበርበር ነው ይላል።

ማጭበርበር አይደለም። አራተኛው 1 ወይም 6 ቢሆን ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይረሽ ሁለተኛ መልስ ታገኛለሽ፤ ሱዶኩ ደግሞ ሁለት መልስ አይኖረውም። አራቱ ቤቶች በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን ውስጥ ብቻ መሆናቸውን ግን አረጋግጪ። አራት ሳጥን ከነኩ አይሠራም። ባለቤትሽም አንድ ነገር ላይ ልክ ነው፤ ዘዴው የቆመው በሠሪው ላይ ባለን እምነት ነው። አንድ ኮፒ ቤት ያወጣልኝ ወረቀት ላይ 8 ደብዝዞ 3 መስሎ ወጥቶ ሁለት ማታ ለፍቻለሁ። ወረቀቱን ካላመንሽው በዚህ ዘዴ አትጀምሪ።

አንዲት ልጅ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ሰሞኑን ከገበያ ሲመለሱ የሰፈራችን መንገድ ጠፋባቸው፤ ያንኑ ጥያቄም ይደጋግማሉ። ጎረቤት «ሱዶኩ ያሠሯቸው፣ ይሻላቸዋል» አለን። ከየትኛው ደረጃ ይጀምሩ?

ከሐኪም ይጀምሩ። እህቴ፣ ሱዶኩ የመርሳት በሽታን አያድንም። ሱዶኩ መሥራት ሱዶኩ ላይ ጎበዝ ያደርጋል፤ በሽታውን ያስቆማል የሚል ማረጋገጫ ግን የለም። የሚያውቁት መንገድ የጠፋባቸው ሰው መታየት አለባቸው። መርሳት ከታይሮይድ ችግር፣ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከድብርት ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ከታወቁ ይታከማሉ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው። የሚውጡትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ያዢ። መቼ እንደጀመራቸውም ጽፈሽ ሂጂ። በድንገት የመጣ ከሆነ፣ ወይም አፋቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል። ከታዩ በኋላ ደስ ካላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ አብራችሁ ሥሩ። ለዚያ ማንኛውም ደረጃ ይሆናል።

አንዲት አንባቢ፦ ስልኬ ላይ ያለው ሱዶኩ ሊያልቅ ሲል ይዘጋብኛል።

ስልክ ሠሪ ጋ ውሰጂው።

ከአባይ ማዶ አንዲት እናት፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፣ ኤክስዋይ-ዊንግ የሚባለውን ዘዴ አስረጂኝ ትላለች። እኔም አልገባኝም።

ሁለት ሁለት እጩ ብቻ ያላቸው ሦስት ቤቶች ይፈልጉ። መካከለኛው 2 እና 5 ይኑረው። እሱን ከሚያዩት፣ ማለትም ረድፍ፣ ዓምድ ወይም ሳጥን ከሚጋሩት ቤቶች አንዱ 2 እና 8፣ ሌላው 5 እና 8 ይኑረው። እነዚህ ክንፎች ናቸው፤ እርስ በርስ ባይተያዩም ግድ የለም። መካከለኛው 2 ከሆነ አንደኛው ክንፍ 8 ይሆናል። 5 ከሆነ ሁለተኛው 8 ይሆናል። ከሁለቱ ክንፎች አንዱ ያለጥርጥር 8 ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ክንፍ የሚያይ ማንኛውም ቤት 8 ሊሆን አይችልም። ክንፎቹን በቀይና በሰማያዊ እርሳስ ትክበባቸው፤ ሁለቱንም የሚያየውን ቤት በጣቷ ትፈልገው። ስታገኘው 8ን ራሷ ትሰርዘው። እርስዎ እንዳይቀድሟት።