ጎርፍ የገባበት የኪነት ቤታችን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው የኪነት ቡድናችን ቤት በክረምቱ ጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከበሮው፣ ማሲንቆው፣ የሸራ ሥዕሎቹ፣ በእጅ የተጻፉት ቴአትሮቻችን ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ሰው ሁሉ «ጣሉት» ይለናል። ከምን እንጀምር?
የቡድኑ አስተባባሪ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ እግዜር ያጽናችሁ፤ ምንም እንዳትጥሉ! መጀመሪያ ጓንትና ቦቲ አድርጉ፤ የአቃቂ ውኃ የፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዞ ነው የሚመጣው። ሳትነካኩ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ እርዳታ ስትጠይቁ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ቀድሞ የሚበላሸው ወረቀት ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ይችላል። የተጣበቀውን ገጽ በግድ አትግለጡ። ዛሬ የማትደርሱበትን በፌስታል ጠቅልላችሁ የሰፈሩን ባለሱቅ ፍሪዘር ለምኑ፤ ቅዝቃዜው እንዳይሻግት ያቆየዋል። ከበሮውን እሳት ዳር እንዳታስጠጉ፣ ቆዳው በድንገት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ነፋስ ባለበት ጥላ ይቆይ። የማሲንቆውን ጭራ አላሉት። ሥዕሎቹን ቀለሙ ወደ ላይ ሆኖ አጋድሙ፤ ጭቃውን በጨርቅ ልጥረግ የሚል ካለ እጁን ያዙልኝ፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የአርኖ ወንዝ የጣሊያኗን ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ መጻሕፍቱን ከጭቃ ያወጡት በአብዛኛው ወጣት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ጥገናው አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ልምምዱ ግን አይቋረጥ፤ ልጆቹ ከተበተኑ መሰብሰቡ ይከብዳል። በቅርብ ያለ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዲያውሳችሁ በዚህ ሳምንት ጠይቁ፣ ከበሮም ተዋሱ።