የሎራዋን ሴንሰር ጆይን አድርጎ ተመልሶ ሲጠፋ፦ ቁልፉን ተወው፣ ሰዓቱን እይ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። ቺርፕስታክ 4ን (በራዲዮ ከርቀት ለሚልኩ የሎራዋን ሴንሰሮች የሚሆነውን የኔትዎርክ ሰርቨር ሶፍትዌር) በራስህ ሰርቨር ላይ ጭነሃል፣ ጌትዌይህ (የሴንሰሮቹን ራዲዮ ተቀብሎ ለሰርቨሩ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) ኢንተርኔት የሚያገኘው በሲም ካርድ ነው። ሴንሰሮቹ ጆይን አድርገው (ኔትዎርኩን ተቀላቅለው) ዳታ ይልካሉ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን እንደገና ጆይን ይጠይቃሉ፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳሉ። ሴንሰሩና ሰርቨሩ የሚጋሩትን ምስጢራዊ ቁልፍ ጠርጥረህ «አፕኪው ተሳስቶ ይሆን?» ብለሃል። አይደለም። አፕኪው ቢሳሳት ሰርቨሩ ገና የመጀመሪያውን ጆይን ኤምአይሲው (የመልእክቱ ማረጋገጫ ኮድ) አልተገጣጠመም ብሎ ይጥለው ነበር። «ሴንሰሩ ብልሽት አለበት፣ ቀይረው» የሚሉህንም አትስማ፤ ገንዘብህን በከንቱ ታወጣለህ።

1. መጀመሪያ ዳውንሊንኩ (ከሰርቨሩ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው መልስ) በእርግጥ አየር ላይ መውጣቱን አረጋግጥ። ቺርፕስታክ ውስጥ የጌትዌዩን ገጽ ክፈትና ከታች ካሉት ቻርቶች የስርጭት ሁኔታ የሚያሳየውን ፈልግ። «ኦኬ» የሚለው ብቻ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። «ቱ ሌት» የሚል ከተቆለለ ግን ነገሩ ተገኘ፦ መልሱ ጌትዌዩ ዘንድ የደረሰው መልቀቂያ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጌትዌዩ ጥሎታል። በሞስኪቶ (በጌትዌዩና በሰርቨሩ መካከል መልእክት በሚያመላልሰው ብሮከር) ሁሉንም ቶፒክ ብታዳምጥም አፕ (ከሴንሰሩ የመጣ)፣ ዳውን (ወደ ሴንሰሩ የሚላክ)፣ አክ (የጌትዌዩ ማረጋገጫ) እየተከታተሉ ሲያልፉ ታያለህ። ይዘታቸው በፕሮቶባፍ የታሸገ ስለሆነ በዓይን አይነበብም፣ እሱ አያስደንግጥህ።

2. ለምን ይዘገያል? ክላስ ኤ ሴንሰር (ራሱ ከላከ በኋላ ብቻ የሚያዳምጥ ዓይነት) ልኮ ከጨረሰ በኋላ የመጀመሪያውን የማዳመጫ መስኮት በ1 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ2 ሰከንድ ይከፍታል። ለጆይን ግን 5 እና 6 ሰከንድ ይጠብቃል። አንተን ያሳሳተህ ይህ ነው፤ ጆይኑ በዘገምተኛ ኔትዎርክም ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መልስ ሁሉ አያልፍም። ከ1 ሰከንዱ ላይ ቺርፕስታክ ያንኑ መልእክት ከሌሎች ጌትዌዮችም ለመሰብሰብ 200 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ለደርሶ መልሱና ለጌትዌዩ ዝግጅት የሚቀረው 800 ነው። የሞባይል ዳታ ሲጨናነቅ ይህ አይበቃም።

ጉዳቱ እዚህ አያበቃም። ኤዲአር (የስርጭት ፍጥነትንና ፓወርን የሚያስተካክል ስልት) የበራለት ሴንሰር ከ64 አፕሊንክ (ወደ ሰርቨሩ ከሚልከው መልእክት) በኋላ ምንም መልስ ካላገኘ ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። 32 ጨምሮ ካልተመለሰለት ፓወሩን ይጨምራል፣ ከዚያ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ኤስኤፍ 12 (ከሁሉ ዘገምተኛው የስርጭት ደረጃ) ይደርሳል። 10 ባይት ዳታ በኤስኤፍ 7 ወደ 60 ሚሊሰከንድ ይፈጅ የነበረው በኤስኤፍ 12 ወደ 1.5 ሰከንድ ይወጣል። በ868 ሜጋኸርዝ ባንድ ከጊዜው 1 በመቶ ብቻ መላክን በሚፈቅደው ገደብ መሠረት ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዝም ማለት አለበት። መልእክቱ ኮንፈርምድ (የመድረሱን ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ላይብረሪዎች እስከ 8 ጊዜ ይደጋግሙታል። ባትሪህን የበላው ይኸው ነው። ብዙ ፈርምዌር (ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ጆይን ይጠይቃል፣ አዙሪቱም እንደገና ይጀምራል።

3. መፍትሔው አንድ መስመር ነው። የኢዩ 868 (የአውሮፓ ባንድ) ሪጅን ፋይል ውስጥ የአርኤክስ 1 ዲሌይን (የመጀመሪያውን መስኮት መጠበቂያ ሰከንድ) ከ1 ወደ 5 ቀይርና ቺርፕስታክን ሪስታርት አድርግ። ሁለተኛው መስኮት ራሱ 6 ይሆናል። ዘ ቲንግስ ኔትዎርክም (ሌላ የሎራዋን ኔትዎርክ) በነባሪነት የሚጠቀመው 5 ሰከንድ ነው። አዲስ ጆይን የሚያደርግ ሴንሰር ቁጥሩን በጆይን አክሰፕቱ (ለጆይኑ በሚመለስለት መልስ) ውስጥ ያገኘዋል። ቀድሞ ጆይን ላደረጉት ሰርቨሩ በማክ ኮማንድ (ለሴንሰሩ በሚሰጥ የኔትዎርክ ትእዛዝ) ይልካል፣ ግን ያ ኮማንድ ራሱ በዚያው በሚዘገየው መንገድ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አትጠብቅ፣ አጥፍተህ አብራቸው። ያኔ ዴቭኖንስ (ሴንሰሩ በየጆይኑ የሚልከው የማይደገም ቁጥር) ቀድሞ ጥቅም ላይ ውሏል የሚል ስህተት ከመጣ ፈርምዌሩ ቁጥሩን ፍላሽ ላይ አያስቀምጥም ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ኖንሶቹን ማጥፋት ለሙከራ ይረዳል፣ ለዘለቄታው ግን መታረም ያለበት ፈርምዌሩ ነው። ኤቢፒ ሴንሰር (ያለ ጆይን በቋሚ ቁልፎች የሚሠራ) ካለህ የዲቫይስ ፕሮፋይሉ ዲሌይ ሴንሰሩ ውስጥ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ዩዲፒ 1700ን (ጌትዌዩ ፓኬት የሚልክበትን የተለመደ ፖርት) በሲም ካርድ መስመር ላይ አትተወው፤ የጠፋ ፓኬት አይደገምም፣ ምስጠራም የለውም። ጌትዌይ ብሪጅን (የጌትዌዩን ፓኬት ወደ ኤምኪውቲቲ የሚቀይረውን ፕሮግራም) ጌትዌዩ ላይ ጫንና በኤምኪውቲቲ (ሞስኪቶ በሚጠቀመው የመልእክት ፕሮቶኮል) ከቲኤልኤስ ምስጠራ ጋር አገናኘው። ይህን ስታደርግ የቶፒኩ ስም «ኢዩ 868» በሚለው ቅድመ ቅጥያ መጀመሩን እይ። ለስሪት 3 የተጻፈ የድሮ ኮንፊግ ቀድተህ ከሆነ ቅጥያው የለውም፤ ሞስኪቶ ላይ መልእክቱ እየጎረፈ ቺርፕስታክ ጌትዌዩን «ኔቨር ሲን» (ፈጽሞ አልታየም) ይልሃል። ስንቱ ሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሳይቀር እንደ አዲስ የሚጭነው በዚህች ቅጥያ ነው!

ሙከራውን በተመለከተ፣ የቺርፕስታክ ሲሙሌተር አለፈ ብለህ አትረጋጋ። በቀጥታ ኤምኪውቲቲ ላይ ስለሚጽፍ ዳታቤዙና ብሮከሩ ጭነት መቻላቸውን ያሳይሃል እንጂ የራዲዮ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። እውነተኛ አንድ ሴንሰር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ጌትዌዩ ሊኑክስ ከሆነ በኔትኤም (ትራፊክ በሚያዘገይ የሊኑክስ መሣሪያ) የሚወጣውን ትራፊክ 900 ሚሊሰከንድ አዘግየውና ኮንፈርምድ መልእክት አስልክ። ዲሌይ 1 ሲሆን «ቱ ሌት»፣ 5 ሲሆን «ኦኬ» ማየት አለብህ። ስትጨርስ ኔትኤሙን ማንሳት አትርሳ።

ለሙቀትና ለእርጥበት ንባብ ኮንፈርምድ አትጠቀም። አብዛኛው ጌትዌይ ሲያወራ አይሰማም፣ ለአንዱ ሴንሰር አክ ሲልክ የሌሎቹ መልእክት ይጠፋል። ዲሌዩን 5 አድርገህም «ቱ ሌት» ከቀጠለ የጌትዌይ ብሪጅህን ሎግ ከአፕሊንኩ ሰዓት ጋር እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።