ዴይተንስ የት ገባ?

«በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የነበረው የዴይተንስ መደብር ከስሮ ነው የጠፋው?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልንገርህ። ጆርጅ ዴይተን ሚኒያፖሊስ ውስጥ መደብሩን የጀመረው በ1902 ነው። በ1956 ኩባንያው ሳውዝዴልን ገነባ፤ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ያለው የገበያ ማዕከል። በሚኒሶታ ብርድ ማን በረዶ እየረገጠ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል?

ነገሩን የቀየረው ግን 1962 ነው። በቅናሽ የሚሸጥ ታርጌት የሚባል ሱቅ ከፈቱ። ልጅ ወላጁን ዋጠ በለው! ታርጌት እያደገ ሄዶ በ2000 እናት ኩባንያው ራሱ በእሱ ስም ተጠራ። የዴይተንስ መደብሮች በ2001 ማርሻል ፊልድስ በሚባል የሌላ መደብር ስም ተጠሩ፤ በ2004 ተሸጡ፤ በ2006 ሜሲስ የሚባለው የአሜሪካ የመደብር ድርጅት አካል ሆነው ስሙን ያዙ። በአምስት ዓመት ሁለቴ ስም መቀየር፣ ለእኔ ደንበኛን ማደናገር ነው። የመሀል ከተማው ዋና መደብር የተዘጋው በ2017 ነው።