ያቺ ላም እና ሌሎች ጠላቶቻችን

ባለፈው እትም «ከፖኬሞን ጌሞች አንገታችሁን ያስደፋችሁ ቦስ ማነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። (ፖኬሞን ፍጡራን ይዘህ፣ አሳድገህ ከሌላ አሠልጣኝ ፍጡራን ጋር የምታጋጥምበት ጌም ነው፤ ቦስ ማለት መንገድህን የሚዘጋ ከባድ ተጋጣሚ ነው።) ከመጣው ደብዳቤ ግማሹ ስለ አንዲት ላም ነው። እኔም ይህንኑ ጠብቄያለሁ፤ ስለዚህ ከእሷ እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። በልጅነቴ ፖኬሞን ሲልቨርን ጀምሬ ጎልደንሮድ ከተማ ላይ ተውኩት። አሁን 33 ዓመቴ ነው፤ ሥራም ልጅም አለኝ። በቅርቡ እድሳቱን፣ ሶልሲልቨርን፣ አግኝቼ እንደገና ብጀምር የዚያው ከተማ ጂም (ስታሸንፍ ባጅ የሚሰጥህ የፍልሚያ ቤት) መሪ ዊትኒ እንደገና መለሰችኝ። ሦስተኛ ጂም ላይ ያለች ልጅ እንዴት ከመጨረሻው ቻምፒዮን ትከብዳለች? ደግሞ «መንፈሱ ጋስትሊ ያዋጣል» ያለኝ ጓደኛዬ ዋሽቶኛል። — የቀድሞ አሠልጣኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸህም፤ የነገረህ የድሮውን ነው። በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ጎልድና ሲልቨር ላይ ስቶምፕ የሚባለው ምት ጋስትሊን አይነካውም ነበር፤ ኖርማል ምት መንፈስን አያገኝምና። አንተ በያዝከው በ2009 እትም ላይ ግን ለላሟ፣ ለሚልታንክ፣ ስክራፒ የሚባል ችሎታ ሰጧት። አሁን መንፈስም ትረግጣለች። አስተኝቼ እገድላታለሁ እንዳትል ደግሞ አንዴ የሚያነቃት ለም ቤሪ የሚባል ፍሬ ይዛለች።

ዊትኒ ያላት ሁለት ፖኬሞን ብቻ ነው። በድሮው ክሌፌሪ 18 ሌቨል፣ ሚልታንክ 20፤ ባንተው ላይ እንዲያውም አንድ አንድ ዝቅ ይላሉ። ቁጥሩን ያየ ሰው ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለክረምት መጥታ ስትመለስ ጌም ቦይ ከለሯን ከነሲልቨር ካሴቱ ትታልኝ ሄደች። በሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ስክሪኑ የራሱ ብርሃን ስለሌለው መብራት የጠፋ ዕለት ሻማ ሥር ተኮራምቼ እጫወት ነበር፤ እናቴ የማጠና ይመስላት ነበር። የእሳት ዓይነቱን ሲንዳክዊልን መረጥኩ። 14 ሌቨል ላይ ክዊላቫ ሆነ፤ «አንበሳ» አልኩት፤ ሌላ ማንንም አላሳደግኩም። ዊትኒ ዘንድ ስገባ 22 ደርሶ ነበር። ክሌፌሪን በሁለት ምት ጣለልኝ። ከዚያ ላሚቱ ወጣች። ላሜ ቦራን እየሰማ ያደገ ልጅ መቼም ላም ትገድለኛለች ብሎ አያስብም።

መጀመሪያ አትራክት አለች፤ ተቃራኒ ጾታን በፍቅር የሚያፈዝ ነው። ሚልታንክ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ከጨዋታው መጀመሪያ የሚሰጡህ ሦስቱ ፖኬሞኖች ደግሞ ከስምንት ሰባቱ ወንድ ናቸው። አንበሳዬ ልቡ ተሰለበና ከሁለት ዙር አንዱን ዝም ብሎ ያያት ጀመር። እሱ ሲፈዝ እሷ ሮልአውት ጀመረች። ይህ ምት ለአምስት ዙር ይሽከረከራል፤ ካልሳተ በየዙሩ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፦ 30፣ 60፣ 120፣ 240፣ 480። የድንጋይ ምት ስለሆነ እሳት ላይ ሌላ እጥፍ ይጨመርበታል። እንደምንም ግማሿን ብታደርሳት ሚልክ ድሪንክ አለ፤ የራሷን ወተት ጠጥታ የሕይወቷን ግማሽ ትመልሳለች። ፍጥነቷም በዚያ ሰዓት ከምትይዛቸው ከብዙዎቹ ይበልጣል። ሁለተኛ ቀን ሄድኩ፤ ሦስተኛ ቀን ሄድኩ፤ ባትሪ ድንጋይ አለቀ።

ለጥያቄህ መልሱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቻምፒዮን ዘንድ ስትደርስ ስድስት ፖኬሞን አለህ። ዊትኒ የምትገጥምህ ግን ገና አንዱን ብቻ አሳድገህ፣ በእሱ ብቻ ተማምነህ ስትመጣ ነው፤ የያዘችውም ያንኑ አንዱን ማሰሪያ ነው። ሌቨሉን 25 ብታደርሰውም ወንድ ከሆነ ያው ይፈዛል።

መፍትሔው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ከጎልደንሮድ በስተደቡብ ሩት 34 ላይ ድራውዚ ያዝ። የከተማው ትልቅ መደብር ውስጥ ድራውዚን በማቾፕ የሚለውጥ ሰው አለ። በልዋጭ የመጣ ፖኬሞን ልምድ የሚያገኘው በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሆነ ቶሎ ያድግልሃል። የቡጢ ዓይነት ስለሆነ ላሚቱን በእጥፍ ይመታታል፤ ሮልአውትም በግማሹ ነው የሚያገኘው። ሁለተኛው አማራጭ ጂኦዱድ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ሞልቷል፣ ስቶምፕም ሮልአውትም እሱ ላይ ይደክማሉ። ሴቷን ፈልገህ ያዝ፤ አትራክት ሴት ላይ አይሠራም። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ መሽከርከር ከጀመረች አምስቱ ዙር እስኪያልቅ ወይም እስክትስት ድረስ ወተት መጠጣት አትችልም። ያኔ ነው መምታት።

ስታሸንፋት ታለቅሳለች፤ ባጁንም ወዲያው አትሰጥህም። ዘወር ብለህ ተመለስ። እኔ በዚያ ዕለት ትንሽ አላዘንኩላትም።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ። የ10 ዓመት ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሲንቲያ አሸነፈችኝ» እያለ ያለቅሳል። የክፍሉ ልጅ መስላኝ መምህርቱ ዘንድ ልደውል ስል ለካ ጌም ውስጥ ያለች ሴት ናት። ሻይኒንግ ፐርል ነው የሚለው። ላስተወው ወይስ ላግዘው? — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እንኳን አልደወሉ! ሲንቲያ የሲኖ ምድር ቻምፒዮን ናት። መጀመሪያ የመጣችው በ2006 በዳይመንድና ፐርል ነው፤ ልጅዎ የያዘው የ2021 ዓ.ም. እድሳት ነው። በፈረንጆቹ ቁጥር ማለቴ ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው።

ልጁ ቢያለቅስ አልፈርድበትም። እሷ ዘንድ ለመድረስ አራት ባለሙያዎችን በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ በመሃል ሐኪም ቤት የለም፤ እሷ ላይ ከወደቀ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስትቀርብ የሚሰማውን ፒያኖ የሚያውቅ ሰው ሌላ ቦታም ቢሰማው ይደነግጣል።

የሚያስቸግረው ጋርቾምፕ የሚባለው ዘንዶዋ መሆን አለበት። ዘንዶና መሬት ስለሆነ በረዶ በአራት እጥፍ ያገኘዋል፤ ልጆቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሲንቲያም ታውቃለች። በአዲሱ እትም ያቼ ቤሪ አስይዛዋለች፤ የመጀመሪያውን የበረዶ ምት በግማሽ ይቀንሰዋል። ልጅዎ በአንድ ምት ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ ቆሞ ያየዋል፣ ቀጥሎ ይመታዋል። ስለዚህ «በረዶ ሁለት ጊዜ መምታት እንዳለብህ አስበህ ግባ» ይበሉት። አንዱን ፖኬሞን ቤሪውን ለማስበላት ይሠዋው፣ ሌላው ይጨርስ። ሚሎቲክ የምትባለዋ ራሷን በእሳት ስታቃጥል ካየም አይደሰት፤ ሆን ብላ ነው፣ ሕመም ሲይዛት መከላከያዋ ይጨምራል።

ማስተውንስ ይተዉት። አብረውት ቁጭ ቢሉ ግን ዘንዶው ሲወድቅ ልጅዎ የሚጮኸውን ጩኸት ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ማታ ከሥራ ስወጣ ኡልትራ ሙን እጫወታለሁ። ኡልትራ ኔክሮዝማ የሚባለው ቦስ 11 ጊዜ ገድሎኛል። እባክህ ሌቨል አሳድግ እንዳትለኝ። — ከዱባይ

መልስ፦ አልልህም፤ ብዙም አይጠቅምህም። እሱ 60 ሌቨል ነው፤ ውጊያው ሲጀመር አምስቱም አቅሞቹ አንድ አንድ ደረጃ፣ ማለትም ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ያድጋሉ። በበረዶ ወይም በፌሪ ልምታው ብትል ስማርት ስትራይክ አለው፤ በነፍሳት (በጥንዚዛ ዓይነት) ብትል ፓወር ጄም አለው። በሩን ሁሉ ዘግቷል።

እኔን ያሻገረኝ ተንኮል ነው። ዞሯርክ የሚባለው ቀበሮ ሲወጣ ከቡድንህ መጨረሻ ያለውን ፖኬሞን መልክ ይለብሳል። መጨረሻ ላይ ቶክሳፔክስን አስቀምጥ፣ ዞሯርክን ከፊት። ኔክሮዝማ የሚያየው መርዝ ዓይነት ነው፤ ለመርዝ የሚያዋጣው ፎቶን ጋይዘር የሚባለው የአእምሮ ምቱ ነው፤ ያንን ይተኩሳል። ከሥር ያለው ግን ጨለማ ዓይነት ስለሆነ ምንም አይነካውም፤ ስላልተነካም ለምዱ አይወልቅም። ደግሞ ይተኩሳል። አንተ በጨለማ ምት ትጠዘጥዘዋለህ። ሌላዋን መርዘኛ ሳላዝልን መጨረሻ ላይ እንዳታደርግ፤ እሷ እሳትም ስለሆነች ፓወር ጄም ሊመርጥብህ ይችላል፣ ያኔ ጉድህ ፈላ።

ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። 11 ጊዜ ያልሞተ ሰው ይበለው።

ጥያቄ፦ የሲልቨርን የመጨረሻ ተጋጣሚ ሬድን እንዴት ረሳኸው? ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። — ከሐዋሳ

መልስ፦ አልረሳሁትም። ማውንት ሲልቨር ላይ ብቻውን ቆሞ፣ አንድ ቃል ሳይናገር 81 ሌቨል ፒካቹ ሲያወጣ ፀጉሬ ቆሟል። ግርማ ሞገሱ ከባድ ነው፤ ውጊያው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ሰብስበህ ሌቨል ስታሳድግ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የድሮ ሲልቨር ካሴቴን ከሻንጣ አወጣሁት፤ ይከፈታል፣ ግን ሴቭ አያደርግም። ይሠራ ይሆን? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይሠራል። ካሴቱ ውስጥ ሲአር 2025 የሚባል ክብ ባትሪ አለ፤ ሴቩንም የጨዋታውንም ሰዓት የያዘው እሱ ነው፣ ዕድሜው አልቋል። በብየዳ የተያዘ ስለሆነ ራስዎ እንዳይነቅሉት፤ ሞባይል ጠጋኝ ይቀይረዋል። የእኔም እንዲሁ ሞቶ ነበር፤ አንበሳዬም፣ በስንት መከራ ያገኘሁት የዊትኒ ባጅም አብረው ሄዱ። አዲሱ ባትሪ ሲገባ ከቤትዎ አልጋ አጠገብ ይጀምራሉ፤ ጎልደንሮድ ሲደርሱ ላሚቱ እዚያው ናት።