መልስ፦ የግልገል ድመቷ ዕድሜና ምግብ

ሰላም እህቴ። ሐዋሳ ፒያሳ ያገኘሻት ድመት ስንት ሳምንቷ እንደሆነ፣ ምን እንደምትበላም ጠይቀሻል።

አፏን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ከፊት ጥቃቅን ጥርሶች ብቻ ካሉ ወደ 3 ሳምንት ናት። ክራንቻዋ ከወጣ 4፣ ከጎን ጥርስ ማብቀል ከጀመረች 5 ወይም 6። የዓይኗ ሰማያዊነት አያስገርምሽ፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም እንደዛ ናቸው። የኩሽና ሚዛን ካለሽ መዝኛት፤ ወር የሞላት 450 ግራም ገደማ ትሆናለች።

የምትሰጫትን የላም ወተት ግን ዛሬውኑ አቁሚ፣ እባክሽ። ተቅማጥ ያመጣል፤ ይህችን ለምታክል ነፍስ ተቅማጥ ገዳይ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ጠይቂ። ወተቱን ስታጠጫት በሆዷ ትተኛ፤ በጀርባዋ ከሆነ ትን ይላታል። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ደግሞ መጀመሪያ አሙቂያት፣ ከዚያ መግቢያት። እኔ ሃይላንድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አጠገቧ አስቀምጥ ነበር። ተጣብቃበት ታድራለች።

5 ሳምንት ካለፋት ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ዓሣ ገዝተሽ ቀቅይላት። ሥጋውን በጣትሽ እየዳበስሽ እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሚ። ጨውም ሽንኩርትም አይግባበት።

በየቀኑ መዝኛት። ክብደቷ ካልጨመረ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ የትል መድኃኒትም እዚያው ጠይቂላት።