መዥገሩ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው እብጠት
የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የእንስሳት ጤና

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ድቅል ላሜ ጡቷና ብሽሽቷ ላይ የነበሩትን መዥገሮች ነቅዬ ጨረስኩ። ሳምንት አልፎም ባቄላ የሚያህል ጠጣር እብጠት በየቦታው አለ። የመዥገሩ ጭንቅላት ውስጥ ቀርቶ ይሆን?

መልስ፦ አፉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል፤ እብጠቱ ግን በአብዛኛው የላሚቱ የራሷ ሰውነት ሥራ ነው። መዥገር ቆዳውን ሰንጥቆ፣ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥርሶች ያሉትን መምጠጫ ይሰካል፤ ብዙዎቹም ዙሪያውን እንደ ሲሚንቶ በሚጠነክር ምራቅ ያጣብቁታል። ያው ምራቅ ደም እንዳይረጋ፣ ቦታው እንዳያሳክክ፣ መከላከያ ሕዋሳትም እንዳይነቁ ያደርጋል። ላሚቱ መዥገር ተሸክማ ቀናት ስትውል ምንም የማይመስላት ለዚህ ነው። መዥገሩ ሲነሳ የማደንዘዙ ሥራ ይቆማል፤ ሙጫውና ምራቁ ግን ቆዳ ውስጥ ናቸው። ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ይከቡታል፤ በእጅዎ የሚዳስሱት ጠጣር ነገር ይኸው ነው። ባይነኩት በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። አይጭመቁት፣ በምላጭም አይክፈቱት። ጠባሳው ኋላ ቆዳው ሲለፋ ይታያል፣ ዋጋውንም ይጥላል።

እብጠቱ ከሞቀ፣ ከለሰለሰ፣ መግል ከያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያ ገብቷል። ጀርባው በቀለም የተዥጎረጎረው ትልቁ መዥገር መምጠጫው ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ጠልቆ ይመግላል፤ ጡት ላይ ከሆነም ጡቱን እስከ መድፈን ይደርሳል። የትንሹ ሰማያዊ መዥገር ቁስል ግን ጥልቀት የለውም። መግል ካዩ፣ ወይም ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ሽንቷ ከቀላ፣ መኖ ካቆመች በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

ሲነቅሉ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ ይሳቡ፤ ከዚያ አዮዲን ይቀቡ። ነጭ ጋዝ ማፍሰስና በእሳት መለብለብ የጡትን ቆዳ ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። በጥፍርም አይጨፍልቁት።

ጥያቄ (ከቃሉ)፦ የሀበሻ በሬዬና ድቅል ጊደሬ አንድ መስክ ይውላሉ። በሬው ላይ ጥቂት መዥገር ነው ያለው፤ ጊደሯ ግን ተወርራለች። ለምን?

መልስ፦ በሬው ስለሚያሳክከው ነው። ቆዳው የመዥገርን ምራቅ ቀደም ብሎ ያውቃል፤ እጭ ሲነክሰው ሕዋሳቱ ሂስታሚን ይለቃሉ፣ ያሳክከዋል፣ ልሶ ወይም ከዛፍ ተፋትጎ ያራግፈዋል። ሳይራገፍ የቀረውም ደም በደንብ ስለማያገኝ ብዙ እንቁላል አይጥልም። ሻኛ ያላቸው ከብቶቻችን በዚህ ብርቱ ናቸው፤ የፈረንጅ ደም በበዛ ቁጥር ብርታቱ ይቀንሳል። ድቅሏም በመነከስ ብዛት የተወሰነ መከላከያ ታዳብራለች፤ ረሃብ፣ እርግዝናና ወተት ግን ያዳክሙታል። በአጭር ገመድ ከታሰረች ደግሞ ራሷን መላስ እንኳ አትችልም፤ ገመዱን ያስረዝሙላት። ጠባዩ ስለሚወረስ፣ ለማስጠቃት ኮርማ ሲመርጡ እናቱ ላይ መዥገር ይበዛ እንደሆነ ይጠይቁ።

ለአሁኑ መርጨት ያስፈልጋል። መርጫ መድኃኒቱ 12.5 በመቶ አሚትራዝ ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ፣ ለ10 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው። ጀርባዋን ብቻ ማርጠብ መድኃኒት መድፋት ነው፤ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ ብሽሽትና ጅራት ሥር እስከ ቆዳው ይረስ። ሰማያዊው መዥገር ከእጭነት እስኪጠግብ አንድ ከብት ላይ 3 ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ የመዥገር ወቅት እስኪያልፍ በየ3 ሳምንቱ ይድገሙት። መድኃኒቱን ማቅጠን ብርቱዎቹን መዥገሮች መርጦ ማርባት ነው። አሚትራዝ በፈረስና በበቅሎ ላይ ፈጽሞ አይረጭም፤ አንጀታቸውን ያደርቃል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ፍየሌ ታነክሳለች፤ እግሯ ግን አልተሰበረም።

መልስ፦ በሰኮናዎቿ መካከል ፈልቅቀው ይዩ። መዥገር ካለ ከላይ እንዳልነው ይንቀሉ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፣ አዮዲን ያድርጉ። የቀሩትን ሦስት እግሮቿንም ይመልከቱ፤ ያላነከሰችበት ላይም አይጠፋም። በ3 ቀን ካልተሻላት መግል ሳይኖር አይቀርምና ሐኪም ይይላት።