ላብራቶሪ ተምሬ ካንሰር ላይ መሥራት እችላለሁ?

እህቴ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ላብራቶሪ ተማሪ እንደሆንሽና አባትሽ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ኬሞ እየወሰዱ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። «ዕጢ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ያዳክማሉ ሲባል ሰማሁ። ይህን ለማጥናት ሐኪም መሆን ነበረብኝ?» ብለሻል። ለአባትሽ ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድላቸው።

ሐኪም መሆን አይጠበቅብሽም። ይህ ጥናት የቆመው አንቺ በምትማሪው ሙያ ላይ ነው። ፉሶባክቴሪየም ኑክሌአተም የምትባለው ባክቴሪያ መኖሪያዋ አፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ግን አንጀት ዕጢ ውስጥ በብዛት አገኟት። በ2017 የሻንጋይ ተመራማሪዎች የካንሰሩ ሴል ኦክሳሊፕላቲንና ፋይቭ ኤፍዩ ከተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች እንዲተርፍ እንደምታግዘው አሳዩ። በ2022 ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ፦ ፋይቭ ኤፍዩ የራሷን የፉሶባክቴሪየምን እድገት ይገታል፤ ከዕጢ የተገኘ ኢ ኮላይ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን ቀይሮ ጉልበቱን ያሳጣዋል። ይህን ማወቅ የተቻለው ባክቴሪያዎቹን ከዕጢ አውጥቶ የሚያሳድግ ሰው ስለነበረ ነው።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ለአሜባ የምንውጠው ሜትሮኒዳዞል ፉሶባክቴሪየም ያለበትን ዕጢ እድገት ቀንሷል የተባለው አይጥ ላይ ነው። ሐኪማቸው ሳያዝ ለአባትሽ እንዳትሰጪ፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ወደ ሙያሽ ልመለስ። እንደ ፉሶባክቴሪየም ያሉ ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎችን ማሳደግ ልመጂ፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው አድካሚ ሥራ ነው፤ ለዚህ ጥናት ግን መሠረቱ እሱ ነው። ቀጥሎ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የዲኤንኤ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን። በብዙ ዓይነት ካንሰሮች ውስጥ ረቂቅ ተህዋስያን አገኘሁ ያለ በ2020 የወጣ ታዋቂ ጥናት በ2024 ተሰርዟል፤ የሰው ዲኤንኤ እንደ ባክቴሪያ ተቆጥሮ ነበር። ዕጢ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት በመሆኑ ከሪኤጀንት (ለምርመራው ከምንጠቀምበት ኬሚካል) የመጣ ብክለትም በቀላሉ ያሳስታል። ኔጌቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ናሙና የሌለበት ማነጻጸሪያ ሳትይዢ ማንኛውንም ውጤት እውነት ነው ብለሽ አትቀበይ።

ለማስተርስ አዲስ አበባ ያለውን የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በር አንኳኪ፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባክቴሪያ ላይ የሠራ ቤት ነው። ከዚያ በፊት ግን በቅርብሽ ወዳለ የፓቶሎጂ ክፍል ሂጂና ባዮፕሲ (ለምርመራ ከዕጢ የሚቆረጥ ናሙና) እንዴት እንደሚያዝ እይ። ናሙና እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ለማሳደግ አይሆንም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ከተገኘ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅንጣት ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ የሚሰጡሽን መልስ ይዘሽ ጻፊልኝ፣ የመመረቂያ ጥናትሽን አብረን እንነድፋለን።